54 ሆም ራን (መቺው ራሱ ዞሮ የሚገባበት ምት) የመታው ኦልሰን በነጥብ ለምን ሦስተኛ ሆነ ላልከው

የአሜሪካው ቤዝቦል ሊግ የመቺዎች ሰንጠረዥ አልተሳሳተም። «አር» (R፣ ነጥብ) የሚለው ዓምድ የሚቆጥረው ማን እንደመታ ሳይሆን ማን ሮጦ ሆም ፕሌትን (የሩጫው መጨረሻ የሆነውን ሰሌዳ) እንደረገጠ ነው። በ2023 ሮናልድ አኩኛ ጁኒየር 149 ጊዜ ረገጠ፣ ፍሬዲ ፍሪማን 131፣ ማት ኦልሰን 127። ኦልሰን መትቶ ያስገባው 139 ነጥብ የሚታየው «አርቢአይ» በሚባለው ዓምድ ነው። እዚያ አንደኛው እሱ ነው።

ዋናው ምክንያት የመምቻ ተራ ነው። የኦልሰን የቡድን ጓደኛ አኩኛ ለአትላንታ ብሬቭስ መጀመሪያ የሚመታው ሰው ነበር። ቤዝ (ሯጩ ወደ ሆም ፕሌት ሲዞር የሚቆምበት ማረፊያ) ላይ ይደርሳል፣ ቀጣዩን ቤዝ ይሰርቃል፣ ማለትም ጓደኛው ሳይመታ ሮጦ ይይዘዋል (በዚያ ዓመት 73 ሰርቋል፣ ቀልድ አይደለም)፣ ከዚያ ከኋላው እነ ኦልሰን መጥተው ሲመቱ እሱ ዘና ብሎ ይገባል። ነጥቡ ለአኩኛ፣ አርቢአዩ ለኦልሰን ይጻፋል። መቺው በአንድ ምት ለራሱ ሁለቱንም የሚያገኘው ሆም ራን ሲመታ ነው።

ስለዚህ በእኔ እይታ ነጥብ ግማሹ የቡድን ጓደኛ ሥራ ነው። ፈጣን ሯጭ ሆነህ ከኋላህ የሚመታ ከሌለ ቤዝ ላይ ቆመህ ትቀራለህ። የምንጊዜም መሪው ሪኪ ሄንደርሰንም (2,295 ነጥብ) የታወቀው በመጀመሪያ መቺነቱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የወርዋሪዎች (ኳሱን ለመቺው የሚወረውሩት ተጫዋቾች) ገጽ ላይም «አር» አለ። እዚያ ግን የተቆጠረበትን ነጥብ ነው የሚያሳየው፣ ብዙ መሆኑ መጥፎ ነው። ብዙ ሰው ሲምታታበት አይቻለሁ። ደረጃውን ከማንበብህ በፊት የመቺዎች ገጽ ላይ መሆንህን እይ።