ሰልፍ ስንወጣ፣ ፖሊስ ሲመጣ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሰልፍና ስለ ፖሊስ ዱላ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የምኖረው እስራኤል ነው፣ በሕግ ድጋፍ ሥራ ላይም ቆየት ብያለሁ። ስለዚህ አብዛኛው መልሴ ስለኛ፣ ስለ ቤተ እስራኤል ሰልፎች ነው። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ሰልፍ ካልሄድኩ ይለኛል። ልከልክለው? (እናት፣ ከአሽዶድ)

እህቴ፣ ይህን እኔ አልወስንልሽም። ብትከለክይውም ግን ሳይነግርሽ የሚሄድ ይመስለኛል። ከሄደ አይቀር ተዘጋጅቶ ይሂድ። መታወቂያውን ይያዝ፤ እዚህ አገር ከ16 ዓመት ጀምሮ መያዝ ግዴታ ነው። ስልኩን ቻርጅ ያድርግ። ያንቺንና የአንድ ጠበቃ ቁጥር ደግሞ በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ ይጻፍ። ወረቀት ላይ አይደለም፣ ክንዱ ላይ። ጣቢያ ሲገባ ስልኩን ይቀሙታል። የዛሬ ልጅ ደግሞ የእናቱንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም።

ከተያዘ ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ይናገር። ከዚያ ወዲያ "ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም" ይበል። መብቱ ነው፣ ማንም ሊቆጣው አይችልም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሲያዝ ለወላጅ ማሳወቅ የፖሊስ ግዴታ ነው። ካልለቀቁትም በመርሕ ደረጃ 24 ሰዓት ሳይሞላ ዳኛ ፊት ያቀርቡታል። አንቺም ጣቢያ ስትሄጂ አታልቅሺ አልልሽም። ግን የመርማሪውን ስምና የመዝገቡን ቁጥር ሳትይዢ እንዳትመለሺ።

ያለፈቃድ ሰልፍ መውጣት ወንጀል ነው?

ይለያያል። 50 ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚጓዝ ሰልፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። 50 ሰው ደጅ ተሰብስቦ የፖለቲካ ንግግር የሚያዳምጥ ከሆነም እንደዚያው። ማመልከቻው 5 ቀን ቀድሞ ይገባል። መፈክር ይዞ አንድ ቦታ ለመቆም ግን ፈቃድ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ አንዳንድ ፖሊስም የማያውቅ ይመስላል።

ደግሞ ፖሊስ ደስ ስላላለው ብቻ ፈቃድ አይከለክልም። ኢየሩሳሌም ውስጥ በሰላም ሰልፍ ላይ በቦምብ የተገደለን ሰው ለማሰብ ሰልፍ ሊወጣ ሲል ፖሊስ ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ "የሚቃወሟችሁ ሰዎች ይረብሻሉ" የሚል ነበር። ነገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1984 እርግጥ ነው ለማለት የሚያስደፍር አደጋ ካልታየ መከልከል አይቻልም፣ ሰልፈኛውን ከረባሾች መጠበቅ የፖሊስ ሥራ ነው አለ።

ፈቃድ የሌለው ሰልፍ ላይ ፖሊስ "ተበተኑ" ሊል ይችላል። መደብደብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከመጠን ያለፈ ኃይል የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ፖሊስ ሁልጊዜ "ራሴን ተከላከልኩ" ይላል። (ወጣት፣ ከፔታሕ ቲክቫ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

ሚዛኑ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሕግ ይፈቅደዋል ወይ? ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? የደረሰው ጉዳት ከተፈራው አደጋ ጋር ይመጣጠናል ወይ? የተባበሩት መንግሥታት በ1990 ባወጣው መርሕ ደግሞ ሰልፉ ሕገወጥ ቢሆን እንኳ ሁከት እስከሌለበት ድረስ ፖሊስ ኃይል ከመጠቀም እንዲቆጠብ፣ ካልሆነለትም በትንሹ እንዲጠቀም ይላል። "ካልሆነለት" የምትለዋ ቃል ላይ ነው ጭቅጭቁ ሁሉ።

እስቲ ሜይ 3 ቀን 2015ን እንውሰድ። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሆሎን ውስጥ ደማስ ፓካዳ የተባለ የኛ ልጅ፣ የወታደር ዩኒፎርም ለብሶ፣ ብስክሌቱን ይዞ ሳለ ፖሊስ ሲገፋውና ሲመታው ካሜራ ቀረጸው። አጠራጣሪ ዕቃ ተገኝቷል ተብሎ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ቪዲዮው ያን ሰሞን ያልገባበት ቤት የለም። የአገሩን ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እንዲህ ከተደረገ ጂንስ የለበሰውማ ምን ይጠብቀዋል ያላለ ወላጅ አልነበረም።

ሜይ 3 ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቴል አቪቭ ወጣ። ከሰዓት በኋላ አያሎን የሚባለውን የከተማውን ትልቅ መንገድ ለሰዓታት ዘጋው። ወጣቶቹ እጃቸውን ካቴና እንደገባለት ሰው አጣምረው ከራሳቸው በላይ ያነሱ ነበር። (ያንኑ ምልክት በ2016 ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ ማራቶን ሲጨርስ አሳይቶ ዓለም አየው።) ፖሊስ በዚያ ሰዓት ባመዛኙ ታግሦ ቆመ። አመሻሹ ላይ ሰልፉ ራቢን አደባባይ ሲደርስ ግን የድምፅ ቦምብ፣ ውሃ የሚረጭ መኪናና ፈረሰኛ ፖሊስ መጣ። ፖሊስ ድንጋይና ጠርሙስ ተወረወረብኝ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሊገቡ ሞከሩ ይላል። ከሁለቱም ወገን በርካታ ሰው ተጎዳ፣ ከ40 በላይ ሰው ታሰረ።

አሁን በሚዛኑ ላይ አስቀምጠው። አገሩን ያስጨነቀው የመንገዱ መዘጋት ነው፣ ያ በትዕግሥት አለፈ። ኃይሉ የወረደው ሰፊ አደባባይ ላይ ነው። የወረወረውን ለይቶ መያዝ ይቻል ነበር። የድምፅ ቦምብ ደግሞ ለይቶ አያውቅም። ብልጭ ይላል፣ ይጮኻል፣ ጆሮ ይደፍናል፤ ከወረወረውም ካልወረወረውም እግር ሥር ይፈነዳል። እኔ ከመጠን አለፈ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ድንጋይ የወረወሩት የኛ ልጆችስ? ስለነሱ ለምን አታወሩም?

እናውራ። በ2019 ሰሎሞን ተካ የሚባል ገና ወጣት ልጅ ሃይፋ ከተማ፣ ቂርያት ሐይም ሰፈር ውስጥ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ፖሊሱ ወደ መሬት ነው የተኮስኩት አለ፣ ጥይቱ ነጥሮ ነው የመታው ተባለ፣ በኋላም በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ባት ያም ውስጥ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ይሁዳ ቢያድጋ በፖሊስ ጥይት ሞቷል። በላዩ የሰሎሞን ሞት ሲሰማ አገር ተቃጠለ። መንገድ ተዘጋ፣ ጎማና መኪና ነደደ፣ ከመቶ በላይ ሰው ታሰረ፣ ፖሊስም ከመቶ በላይ አባሎቼ ተጎዱ አለ።

የሰው መኪና ማቃጠል ጥፋት ነው፣ አጥፊው በሕግ ይጠየቅ። ያለምንም "ግን"። ሌላው ጥያቄ ዳር ቆማ መፈክር የያዘች ሴትዮ በሱ ጥፋት ትመታ ወይ የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ማብራሪያ የጥቂቶች ሁከት የሌላውን ሰው ሰላማዊ ሰልፍ ሰላማዊ ከመባል አያወጣውም ብሏል። ጥፋት የየግል ነው።

በ2023 መንግሥት በፍርድ ቤቶች ላይ ያሰበውን ለውጥ የተቃወሙት ካፕላን በሚባለው የቴል አቪቭ ጎዳና ስንቴ መንገድ ሲዘጉ ዝም ያለ ፖሊስ፣ እኛ ስንወጣ ለምን ይጨክናል?

ዝም አለ ማለት ትክክል አይደለም። ማርች 1 ቀን 2023 ቴል አቪቭ ውስጥ እነሱም የድምፅ ቦምብ ቀምሰዋል፣ በኋላም ውሃ ተረጭተዋል። ስለዚያ ዓመት የማልረሳው ነገር የቴል አቪቭ የፖሊስ አዛዥ የነበረው አሚ ኤሼድ ሥራውን ሲለቅ የተናገረው ነው። ከመጠን ያለፈ ኃይል ብጠቀምና የኢኺሎቭ ሆስፒታልን ድንገተኛ ክፍል በቁስለኛ ብሞላው ኖሮ የሚፈለግብኝን አሟላ ነበር ነው ያለው፣ ባጭሩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ አዛዡ ዱላውን ማንሳት ይችል ነበር፣ አላነሳም። ስለዚህ "ሁኔታው አስገደደኝ" ሲባል እኔ ቶሎ አላምንም። አንድ መንገድ፣ አንድ ፖሊስ፣ ሁለት ዓይነት ውሳኔ።

ወደኛ ስንመጣ ግን ነገሩ የሚጀምረው ሰልፉ ቀን አይደለም። በ2016 የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሮኒ አልሼኽ ኢትዮጵያዊ ከሌላው ይልቅ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ነገር በአደባባይ ተናግሯል። ልጁ ፓርክ ውስጥ ሲቀመጥ መታወቂያ፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ መታወቂያ። ያው ፖሊስ ሰልፍ ላይ ሲያየው ዜጋ ሳይሆን ተጠርጣሪ ነው የሚታየው። ይህን ከኛ በፊት የቀመሱት አረብ ዜጎች ናቸው። በ2000፣ በኦክቶበር ወር፣ አሥራ ሦስት ሰው ከሞተ በኋላ በዳኛ ቴዎዶር ኦር የተመራው ኮሚሽን ፖሊስ አረብ ዜጎችን እንደ ጠላት ማየቱን ማቆም አለበት ብሎ ጽፏል።

ፖሊስ "መቅረጽ አቁም" ቢለኝስ?

አደባባይ ላይ መቅረጽ ይፈቀዳል፣ ሥራውን እስካላደናቀፍክ ድረስ። ሁለት እርምጃ ወደኋላ በልና ቀጥል። "አጥፋው" ቢልህ አታጥፋ።

አስለቃሽ ጭስ "አይገድልም" ይባላል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

ጭሱ ብቻውን ብዙውን ጊዜ አይገድልም። የሚገድለው መውጫ ማጣት ነው። አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ በ2016 ኦክቶበር ቢሾፍቱ ላይ በእሬቻ በዓል ጭስ ሲተኮስ ሕዝቡ ተረጋገጠ፣ ገደል ገባ፤ መንግሥት ራሱ ያመነው ከ50 ሰው በላይ መሞቱን ነው። ስለዚህ ሰልፍ ስትገባ መጀመሪያ መውጫውን እይ። ጭሱ ከመጣ ዓይንህን አትሸ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘህ ውጣ፣ በብዙ ውሃ ታጠብ። ኮንታክት ሌንስ ያለው ሰው ቤቱ አውልቆ፣ መነጽር አድርጎ ይምጣ። አስም ያለባት እህትህን ደግሞ እባክህ ዳር አቁማት።

የአገር ቤቱን ሕግም ላስታውስህ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ሰልፍን መብት ብሎታል፣ አዋጁም የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። ማሳወቅና ማስፈቀድ አንድ አይደሉም።

ልጄ፣ እኛ "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" ተብለን ነው ያደግነው። ይህ ሁሉ ጩኸት ምን አመጣ? (አባ፣ ከራምላ)

አባ፣ እናንተም እኮ ዝም አላላችሁም። በ1985 ረባኖቹ (የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎቹ) "ዳግም ተጠመቁ" ዓይነት ነገር ሲጠይቁ ኢየሩሳሌም ላይ ከጽሕፈት ቤታቸው ፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጠው ማን ነበር? በ1996 የለገስነው ደም በስውር እንደሚደፋ ሲታወቅ ወደ 10 ሺህ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። ያኔም ጭስና ውሃ ነበር የጠበቀው።

የመጣውን ልንገርዎ። ከደሙ ሰልፍ በኋላ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከ2015 በኋላ በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ መጣ፣ በ2016 ዘረኝነት መኖሩን በወረቀት አምኖ ብዙ ምክረ ሐሳብ አቀረበ። ኮሚቴ መቼም አይጠፋም፤ እኔ በኮሚቴ ብዛት አልደነቅም። የደማስን ጉዳይ ያየን እንደሆነ ፖሊሱ ከሥራ ተባረረ፣ ነገር ግን መዝገቡ ያለክስ ተዘጋ።

እኔ ትልቁ ድል የምለው ብዙ ሰው ያልሰማውን ነው። ጠበቃ የሚባለው የኛው የሕግ ድርጅት ስለ መታወቂያው ጉዳይ ፖሊስን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሰሰ። ጃንዋሪ 2021 ላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ መንገደኛን እያስቆመ መታወቂያ እንዲጠይቅ የሚያደርገውን መመሪያ ውድቅ አደረገው። የተከሰሰው ፖሊስ ነው አባ። ሰማዩም ትንሽ ታረሰ ማለት ነው። ያ ክስ ያለሰልፉ ጆሮ የሚሰጠው አይመስለኝም፣ ሰልፉም ያለክሱ መንገድ ዘግቶ ይቀር ነበር።

ተመትቻለሁ። ማሐሽ መሄድ ዋጋ አለው? ዘመዶቼ "ለምን ትደክሚያለሽ" ይሉኛል።

ማሐሽ ማለት ፖሊስን የሚመረምረው ክፍል ነው፤ ያለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው እንጂ በፖሊስ ሥር አይደለም። ብዙ መዝገብ ይዘጋል፣ አልዋሽሽም። አሁንም ሂጂ። በፋይል ያልገባ ዱላ አልተመታም ይባላል።

ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሄደሽ "ፖሊስ መታኝ" ብለሽ አስጽፊ። "ወደቅሁ" ብለሽ እንዳታስጽፊ፣ ብዙ እናቶች በኀፍረት እንደዚያ ይላሉ፣ ከዚያ መዝገቡ እዚያው ይሞታል። ያበጠውን ቦታ ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም ፎቶ አንሺ፤ በልዞ የሚታየው ቆይቶ ነው። የተቀደደ ልብስ አትጠቢ። የፖሊሱን ስም ደረቱ ላይ ካላነበብሽ ቁመቱን፣ ሰዓቱን፣ የቆመበትን ሱቅ ጻፊ፤ ሱቁ ካሜራ ካለው ቀረጻው ሳይሰረዝ ባለቤቱን ጠይቂ። የሰልፍ ክስ ተመሥርቶብሽ ከሆነ ግን ማሐሽ ቃል ከመስጠትሽ በፊት ጠበቃሽን አማክሪ፣ እዚያ የተናገርሽው እዚህ ይመጣልና። መዝገቡ ከተዘጋም ደብዳቤው በደረሰሽ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችያለሽ። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው የሚመጣው፤ ቀኑን ሳታዪ መሳቢያ ውስጥ እንዳትጥዪው።