የወገብ ሕመምና የሪፈራል ወረቀት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ኡበር እነዳለሁ። ዕድሜዬ 41 ነው። ከሁለት ወር በፊት የተሳፋሪ ሻንጣ ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። ኤምአርአይ ተነሣሁና “ዲስክህ ወጣ ብሏል” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሻንጣ የሚባል ነገር አልነካም፤ የምነዳውም ቀበቶ አስሬ ነው። ለፊዚዮቴራፒ የሐኪም ወረቀት እየጠበቅኩ ሳለ ሎስ አንጀለስ ያለ ጓደኛዬ “እኔ ያለ ወረቀት ነው የገባሁት” አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞ አዲስ አበባ እያለሁ በማሽን ያሞቁልኝ ነበር። እዚህ ግን “ስፖርት አሠርተው ይሸኙሃል” ይላሉ። ኮፔይ (ኢንሹራንሱ ከኪሴ የሚያስከፍለኝን ድርሻ) የምከፍለው ለዚህ ነው?

መልስ፦ ጓደኛህ አልዋሸህም። ያለ ሐኪም ወረቀት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ መግባትን ነብራስካ ገና በ1957 (እ.ኤ.አ.) ፈቅዳለች። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሃምሳውም ስቴት ይፈቅዳል፤ ልዩነቱ ገደቡ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ 45 ቀን ወይም 12 ቀጠሮ፣ ቀድሞ የሞላው ሲደርስ ለመቀጠል ሐኪም መፈረም አለበት። አንተ ያለህባት ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ገደብ የለባትም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ቢፈቅድም ኢንሹራንስህ አልከፍልም ሊል ይችላል፣ በተለይ ኤችኤምኦ (አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ሐኪሞች በኩል ብቻ የሚያሳክም ኢንሹራንስ) ከሆነ። ካርድህ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውልና “ለፊዚዮቴራፒ ሪፈራል ትጠይቃላችሁ?” በል። የሂሳቡ ወረቀት ቤትህ ከመጣ በኋላ መጨቃጨቁ አያዋጣም። የባለሙያውንም ላይሰንስ እይ፤ በስቴቱ ቦርድ ድረ ገጽ ስም ጽፎ ማየት በነፃ ነው።

ስለ ዲስኩ። በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው፣ ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸው የ40 ዓመት ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሡ ግማሾቹ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ፎቶው ላይ የታየው ነገር የሕመምህ ምክንያት ላይሆን ይችላል። እንደ ፍርድ ወረቀት ይዘኸው አትዙር።

ማሽኑን በተመለከተ ፈረንጆቹ ሰንፈው አይደለም። የእንግሊዙ መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2016 ለወገብ ሕመም አልትራሳውንድ (ለፎቶ ሳይሆን ለማከሚያ የሚደረገው)፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ የወገብ መጎተቻና ቀበቶ አይሰጥ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ተመሳሳይ ምክር አወጣ። በቦታቸው የሚመክረው እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ ማስተማርን ነው፤ እሽትንም አልጠላም። ሙቀት ከፈለግህ ሙቅ ውሃ በላስቲክ አድርገህ ቤትህ ያዝበት። ለእሱማ ኮፔይ አትክፈል።

እኔ ጋ ብትመጣ መጀመሪያ የማስነሣህ ሻንጣ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ አሮጌ ሻንጣ አለኝ። በባዶው እንጀምራለን፤ እያየሁህ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ እጨምርበታለሁ። ሹፌሮች መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚያጎነብሱት። ተንፍስ፣ ሻንጣውን ወደ ገላህ አስጠጋ፣ በእግርህ ግፋ እላለሁ። ከቀጠሮ ቀጠሮ ክብደቱ ይጨምራል። ኤርፖርት ወረፋ ስትጠብቅ መኪናው ውስጥ ተቀምጠህ ስልክ አትጎርጉር። ውረድ፣ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ወደ ኋላ ለጠጥ በል፣ ዞር ዞር በል። ትንሽ ቢያምህ አትደንግጥ። ቀበቶውንም ቀስ በቀስ ተወው።

ሽንት እምቢ ካለህ፣ መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሁለቱም እግሮችህ ከዛሉ ግን ፊዚዮቴራፒስት አትፈልግ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም ለሐኪም ንገር። እኛ ቲቢ ከበዛበት አገር የመጣን ሰዎች ነን፣ ቲቢ ደግሞ አከርካሪም ይይዛል። እዚህ ያለ ሐኪም ላያስበው ስለሚችል ከየት እንደመጣህ ራስህ አንሣለት።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ስትሮክ መትቷት በሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ለአረጋውያን በሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ፊዚዮቴራፒ ትከታተል ነበር። ክሊኒኩ “ከዚህ በላይ ለውጥ ስለማታመጣ ሜዲኬር አይከፍልም” ብሎ አቆመባት። አሁን ከወንበር መነሣት እያቃታት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የሰጡሽ ምክንያት ልክ አይደለም። ጂሞ በሚባለው ጉዳይ በ2013 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት አለ። “ለውጥ ካላመጣች አይከፈልም” የሚል መስፈርት የለም። ያላትን አቅም ለማቆየት የሠለጠነ ባለሙያ የግድ ካስፈለገ ሜዲኬር ይሸፍናል። ቤተሰብ ያለ ስጋት ሊያሠራት የሚችለውን ግን አይከፍልም። “የዓመቱ ጣሪያ ሞልቷል” ካሉሽም ጣሪያው በ2018 ተነሥቷል፤ ከተወሰነ ብር ሲያልፍ ክሊኒኩ አስፈላጊነቱን መዝግቦ መቀጠል ይችላል።

“ሐኪሙ አልፈረመም” የሚለውም ከ2025 ጀምሮ ላልቷል። ሐኪሙ አስቀድሞ በጽሑፍ ካዘዘና ክሊኒኩ ዕቅዱን በ30 ቀን ውስጥ ከላከለት፣ ለመጀመሪያው ዕቅድ ፊርማ መጠበቅ ቀርቷል። ሌላ ክሊኒክ ደውዪና “ሜንቴናንስ ቴራፒ (ያለውን አቅም ለማቆየት የሚሰጥ ሕክምና) ትሰጣላችሁ?” ብለሽ ጠይቂ። ቀጠሮው እስኪደርስ ሶፋው ላይ አታስቀምጧት። መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ስጧትና፣ አንድ ሰው በደካማ ጎኗ ቆሞላት፣ በቀን ደጋግማ ራሷ ትነሣ።