የበዓል ዶሮ ላባና የበግ ሱፍ ለፖቶማክ ባስ፦ ለጠያቂያችን የተሰጠ መልስ

በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ወንድማችን ሁለት ነገር ጠይቀሃል። በዋሽንግተን ዲሲ በኩል በሚያልፈው በፖቶማክ ወንዝ ስሞልማውዝ ባስ የተባለውን ዓሣ በፍላይ፣ ማለትም ላባና ፀጉር ታስሮበት የዓሣ ምግብ በሚመስል መንጠቆ፣ ለማጥመድ፣ ሱቅ የሚሸጠውን የናይለንና የፕላስቲክ ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ቤት ባለህ ላባና ሱፍ ራስህ ማሰር ያዋጣል ወይ ብለሃል። ከ13 ዓመት ልጅህ ጋር ከየት እንደምትጀምርም ማወቅ ፈልገሃል። ለበዓል ከታረደው ዶሮ ያስቀረኸውን ላባና የፋሲካውን በግ ቆዳ በፎቶግራፍ አይቻለሁ። ያዋጣል። ለዚህ ዓሣ ከዚህ የተሻለ አጀማመር አላውቅም።

ምክንያቱን ከዓሣው ልነሣ። ስሞልማውዝ ባስ የፖቶማክ ተወላጅ አይደለም። በ1854 እ.ኤ.አ. ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ የተያዙ ጥቂት ዓሦች በባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር የውኃ ጋን ውስጥ ተጭነው መጥተው ኩምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ላይ ከወንዙ ጎን ወደሚሄደው የመርከብ ቦይ ተለቀቁ። ከዚያ ወደ ወንዙ ገብተው ተባዙ፤ አገሩ ተስማማቸው። ድንጋያማና የሚፈስ ውኃ ይወዳሉ፤ ትልቁ ምግባቸው ደግሞ ከድንጋይ ሥር የሚኖረው ክሬይፊሽ ነው፤ ሁለት መቆንጠጫ ያለው የሸርጣን ዘመድ። ስለዚህ ዘንግ ከመዘርጋታችሁ በፊት ልጅህ ዳር ላይ ካለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ጥቂት ድንጋዮች ይገልብጥ። የሚያገኘው ክሬይፊሽ ቀለሙ የዛገ ብረት የሚመስል ቡኒ ይሁን ወይስ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የምታስሩትን ፍላይ ቀለም የሚወስነው እሱ ነው። ድንጋዮቹን ወደ ነበሩበት መልሱ፤ ከሥራቸው ብዙ ነፍሳት ይኖራሉ።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ጀማሪዎች ሁሉ በቀለም ይጠመዳሉ። እኔ አስቀድሜ የማየው ዕቃው ውኃ ሲነካው የሚሆነውን ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሙላና እያንዳንዱን እየነከርክ ተመልከት። የአጋዘን የገላ ፀጉር ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ አልሰምጥ ይላል፤ ክር ስታጠብቅበትም ተበትኖ ይቆማል። የበግ ሱፍ ውኃ ይጠጣና ቁልቁል ይወርዳል፤ ስለዚህ ከታች ለሚሳብ፣ ጭንቅላቱ ወፈር ላለ ፍላይ ይሆናል። ማራቡ እየተባለ የሚሸጠው ለስላሳ ላባ ደግሞ ውኃው ቀጥ ባለበት እንኳ ይንቀሳቀሳል። ድሮ ከማራቡ ወፍ፣ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ከሚያንዣብበው አባ ኮዳ፣ ይወሰድ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው ተርኪ የተባለው ትልቅ የቤት ወፍ ላባ ነው። ባስ በጠራ ውኃ ውስጥ ፍላዩን ተከትሎ ቆሞ ይመረምራል። በዚያች ቅጽበት ሳትጎትተው የሚንቀሳቀስ ዕቃ ያስፈልግሃል፤ ናይለን ይህን አይሰጥህም። ሰው ሠራሹ ዕቃ ጥንካሬና ብልጭታ አለው፤ ሁለት ሦስት የሚያብረቀርቁ ክሮች ብትጨምር አልቃወምህም።

የዶሮህ ላባ እጅግ ይጠቅማል። የገበያ ዶሮ ገና ሳያረጅ ስለሚታረድ የአንገቱ ላባ ለስላሳና ሰፋ ያለ ነው። ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ትንሽ ፍላይ አይሆንም፤ ለእኛ ጉዳይ ግን የሚፈለገው ይኸው ልስላሴ ነው። ከቀለም ሁሉ ቀዩንና ገብስማውን እመርጣለሁ፤ የገብስማው ዥንጉርጉር መስመር ውኃ ውስጥ እግር የሚንቀሳቀስ ያስመስላል። ለሚቀጥለው በዓል አንድ ነገር አደራ፦ ዶሮው በፈላ ውኃ ከመነከሩ በፊት የአንገቱንና የወገቡን ላባ ንጨው። ከተነከረ በኋላ ተጣብቆና ተጨማዶ ነው የምታገኘው። ላባውን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠበው፤ በደንብ አድርቀው፤ በላስቲክ ከረጢት አሽገህ ሁለት ሳምንት ያህል ፍሪዘር ውስጥ አቆየው። ይህን ካላደረግህ ብል ገብቶ ያለህን ሁሉ ይበላዋል። ከበጉ ቆዳ ላይ ሱፉን ብቻ ሸልተህ እጠበው፤ ቆዳውን ማቆየት ለጀማሪ ድካም ነው።

የዱር ወፍ ላባን በተመለከተ ልጅህን አስጠንቅቀው። በ1918 የወጣው የፍልሰተኛ አእዋፍ ስምምነት ሕግ የአብዛኞቹን የአሜሪካ የዱር ወፎች ላባ፣ መሬት ወድቆ የተገኘውንም ጭምር፣ መያዝ ይከለክላል። ጭልፊት፣ ጉጉትና አብዛኞቹ የጓሮ ዘማሪ ወፎች በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። የቤት ዶሮ፣ ጅግራና ጣዎስ ግን ችግር የለባቸውም። የአጋዘን ጭራ ከሱቅ በርካሽ ይገኛል።

በመጀመሪያ ዉሊ በገር የሚባለውን ፍላይ እሰሩ። መንጠቆውን፣ ረዘም ያለ ዘንግ ያለውን ቁጥር 6፣ ሞርሳው ላይ አጥብቁ፤ ጉጡን፣ ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የወጣችውን ሹል፣ በጉጠት ደፍጥጡት፤ ዓሣውንም የልጅህንም ጣት ያድናል። ከመንጠቆው ዓይን ኋላ ባለው አንድ ሦስተኛ ላይ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ ጠምጥሙ። በስተኋላ የመንጠቆውን ዘንግ ያህል የሚረዝም የማራቡ ጭራ እሰሩ። እዚያው ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እሰሩና ለጊዜው ተዉት። ለገላው የበጉን ሱፍ በጣቶቻችሁ እያሻሻችሁ ክሩ ላይ ፍተሉትና ወደ ፊት ጠምጥሙት። የአንገት ላባውን ከፊት በኩል እሰሩና ክፍት ክፍት እያደረጋችሁ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ከዚያ የመዳብ ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ አምጡበት። ይህ ሽቦ የባስ ጥርስ ላባውን እንዳይበጥስ የሚያደርግ ነውና አትዝለሉት። ጭንቅላቱን በክር ጨርሱ፤ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቡት። ክሬይፊሽ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ኋላው ነው፤ ስለዚህ በዓይኑ በኩል ሲሳብ ጭራው ውስጥ ያለው ማራቡ የሚከተሉት መቆንጠጫዎች ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው ፍላይ ትንሽ ዓሣ የሚያስመስለው ክላውዘር ሚኖው ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በሳስኩዌሃና ወንዝ ላይ ዓሣ አጥማጆችን ይመራ የነበረው ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ የፈጠረው ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት የፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ ተወላጁ ታዋቂ የፍላይ አጥማጅ ሌፍቲ ክሬህ ነው። ባለ ሁለት እብጠት የእርሳስ ዓይን ከመንጠቆው ዘንግ በላይ ሲታሰር ፍላዩ ተገልብጦ፣ የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ዞሮ ይሄዳል፤ ድንጋይ በበዛበት በፖቶማክ ወለል ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፀጉሩን ከአጋዘን ጭራ ጫፍ አካባቢ ውሰድ፤ ከሥሩ ያለው አየር ስላለው ይበተናል። ደግሞም አሳሳው። ነጩ ከታች፣ ቡኒው ወይም አረንጓዴው ከላይ፣ እያንዳንዱ ከክብሪት እንጨት ያልወፈረ ይሁን። በሱቅ የሚሸጡት አብዛኞቹ ክላውዘሮች ፀጉር በዝቶባቸው መጥረጊያ ሆነዋል፤ እንደዚያ የታሰረ በቶሎ አይሰምጥም፣ ውኃ ውስጥም ሕይወት የለውም። በዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬአለሁ፤ አሁንም አቋሜ አልተለወጠም።

በበጋ ምሽት ከአጋዘን የገላ ፀጉር ታስሮ በምላጭ የተከረከመ ተንሳፋፊ ፍላይ ውኃው ላይ ጥሎ፣ ሲወድቅ ያስነሣው የውኃ ክበብ እስኪጠፋ ሳይነኩ መጠበቅ የዚህ ሙያ ትልቁ ደስታ ነው። ለማሰር ግን እጅ መፍታት ይፈልጋልና ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

የማጥመጃው ዘንግ ቁጥር 6 ወይም 7፣ ገመዱ ተንሳፋፊ ይሁን። ከድንጋዩ በላይ ወርውራችሁ ውኃው ፈጣኑና ዝግተኛው በሚገናኙበት መስመር ላይ ፍላዩ ይውረድ፤ አጠር አጠር እያደረጋችሁ ጎትቱ፣ አቁሙ። ባስ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ፍላዩ ቆሞ ሲወርድ ነው። ገመዱ ሲከብድ ዘንግ አታንሡ፤ በእጃችሁ ገመዱን ሳቡ።

ውኃው 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ዓሣው ይነቃል፤ ከ15 እስከ 18 ሲሆን እንቁላል ይጥላል። በዚያን ጊዜ ወንዱ ጠጠር ጠርጎ ጎጆውን ይጠብቃል። ከጎጆው ከተነሣ እንቁላሉን ሌሎች ዓሦች ይበሉታልና በጎጆ ላይ ያለውን ተዉት።

ለቦታ ከሴኔካ በላይ ያለውን ወይም በብረንስዊክና በፖይንት ኦፍ ሮክስ መካከል ያለውን እመክራለሁ። ግሬት ፎልስ አካባቢ ያለው ገደላማ ውኃ ከላይ የተረጋጋ መስሎ ከሥር ይጎትታል፤ ብዙ ሰው ሞቶበታል፤ እዚያ ውኃ ውስጥ እንዳትገቡ። ከመውጣታችሁ በፊት የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በፖይንት ኦፍ ሮክስ የተከለውን የውኃ መለኪያ በኢንተርኔት ተመልከት፤ ከፍ ካለ ወይም ከደፈረሰ እንደ ሞኖካሲ ባለ ከፖቶማክ ያነሰ ገባር ወንዝ ዳር ሆናችሁ ሞክሩ። ልጅህ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። ፈቃድ የሚያስፈልገው ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ለአንተ ብቻ ግዛ። ዓሣውን ወስደህ ለመብላት ካሰብህ የሜሪላንድ መንግሥት በየወንዙ ያወጣውን የአመጋገብ ማሳሰቢያና የዓመቱን ደንብ አስቀድመህ አንብብ።