የጉራጌ ማዕድ በቤት፦ ለ12 እንግዳ ስለ ክትፎ፣ ስለ ቆጮና ስለ ገበታው አሰናዳድ

ጥያቄዎቹ የመጡት በሰበታ፣ በአለም ገና፣ በለገጣፎና በሱሉልታ ከሚኖሩ አባላት ነው። ሁሉም ዘመድ ወዳጅ ጠርተው አንድ ምሽት የጉራጌ ምግብ ለማብላት፣ ገበታውንም ከምግቡ ጋር እንዲስማማ አድርገው ለማስጌጥ ያሰቡ ናቸው። መልሱን የምትሰጠው ሙያውን የምታውቅ አባል ናት።

እትዬ፣ ለ12 ሰው ስንት ኪሎ ስጋ፣ ቅቤና ቆጮ ልግዛ?

ክትፎው ዋናው ምግብ ከሆነ ለሰው ሩብ ኪሎ የጠራ ቀይ ስጋ ያዢ፤ 3 ኪሎ ይሆናል። ጅማቱና ስቡ ሲወጣ ስለሚጎድል ከሉካንዳ ስትገዢ 3 ኪሎ ተኩል ይሁን። ሳይከተፍ በትልቅ ብልት ውሰጂው። በማሽን ልፍጭልሽ ካሉሽ እሺ አትበዪ። ማሽኑ ስጋውን ይጨምቀዋል፣ ጅማቱንም አብሮ ስለሚፈጨው ክትፎው ውሃ ያዝላል፣ አፍ ውስጥም እንደ ሊጥ ይሆናል።

ቅቤ፦ ለ1 ኪሎ ስጋ 200 ግራም ንጥር ቅቤ በቂ ነው፤ ለ3 ኪሎ 600 ግራም። ለጎመኑና ለቆጮው ሌላ 250 ግራም ጨምሪ። ጥሬ ቅቤ ሲነጠር ሩብ ገደማው በውሃና በአረፋ ስለሚሄድ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ጥሬ ለጋ ቅቤ ግዢ።

ሚጥሚጣ፦ ለ1 ኪሎ ስጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል፣ የቀረው በትንንሽ ዕቃ ገበታው ላይ ይቅረብ። አብዛኛው የገበያ ሚጥሚጣ ጨው ገብቶበታል፤ ሳትቀምሺ ሌላ ጨው ከጨመርሽ መመለሻ የለውም።

ያልተጋገረ ቆጮ 3 ኪሎ፣ አይብ 1 ኪሎ ተኩል፣ ከአገዳው የተለየ የጎመን ቅጠል 2 ኪሎ።

ጠረጴዛዬ ተራ የምግብ ጠረጴዛ ነው። የአበሻ ጨርቅ፣ መሶብ፣ ስፌት ሁሉ ልደርድርበት ወይስ ሌላ ሐሳብ አለ?

ሁሉንም ከደረደርሽ የየትኛው አካባቢ ማዕድ እንደሆነ አይታወቅም። የጉራጌ ማዕድ መሠረቱ እንሰት ነው። ቆጮው ከእንሰት ነው፣ የሚጋገረው በቅጠሉ ተጠቅልሎ ነው፣ ቃጫውም ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ጌጡም ከዚያው ይምጣ። የኮባ (የእንሰት) ቅጠል፣ ጥቁር ጣባ፣ የቀንድ ማንኪያ፣ ለመቀመጫው ሥር ሰሌን ወይም ጅባ፤ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም። ቀለሙን ምግቡ ራሱ ያመጣዋል። በአረንጓዴ ቅጠል ላይ ጥቁር ጣባ፣ በጣባው ቀዩ ክትፎ፣ ጎኑ ነጭ አይብና ጥቁር አረንጓዴ ጎመን ሲቀመጥ ከዚያ የተሻለ ጌጥ አይገኝም።

የፕላስቲክ አበባ ይቅር። አደይ አበባ በመስከረም ከሆነ ደስ ይላል፣ በሌላው ወር ግን አትፈልጊው። ሽታ ያለው ሻማም ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥ፤ የኮሰረትና የኮረሪማውን ሽታ ይሸፍነዋል። እጣኑም ቡናው እስኪቀርብ ይቆይ።

ቄጤማ ስትጎዘጉዢ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ከወጥ ቤት እስከ ገበታ ያለውን መተላለፊያ ባዶ ተዪው። እርጥብ ቄጤማ በሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ ትኩስ ጣባ ይዞ የሚያልፍ ሰው አለ።

የኮባ ቅጠሉን ከጎረቤት ግቢ አገኛለሁ። ግን ባለፈው አንዲት ዘመዴ ነጭ ጨርቋ ላይ አንጥፋው ቡናማ ሆኖ ቀረ። ምን ይደረጋል?

ፈሳሹ ነው ያበላሸው። ከተቆረጠው ጫፍ የሚወጣው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ጨርቅ ላይ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፣ በሳሙናም አይለቅም። ቅጠሉን ጠዋት ቁረጪ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርገሽ ግድግዳ ላይ አስደግፊው፣ ለሦስት አራት ሰዓት ይንጠፍጠፍ። ከዚያ መሃል ያለውን ወፍራም አከርካሪ በቢላ ላጪና አውጪ፤ እሱ ካልወጣ ቅጠሉ ጠረጴዛው ላይ አይተኛም፣ ሳህኑም ይወላገዳል። ሁለቱንም ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ በመጨረሻም በእሳት ወላፈን ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፊው። ቀለሙ ሲደምቅና እንደ ቆዳ ሲለሰልስ በቃው። በወላፈን ያላለፈ ቅጠል በደም ሥሩ በኩል ይተረተራል።

ጨርቅ ከሥሩ ማንጠፍ ከፈለግሽ ጥቁር ወይም ቡናማ ይሁን። ለሁለት ሜትር ጠረጴዛ ሁለት ትልልቅ ቅጠል ይበቃል፣ ለቆጮው መጠቅለያ ሦስት ጨምሪ። ከጎረቤት ስትቆርጪ የውጭውን ውሰጂ፣ መሃል ላይ ተጠቅልሎ የሚወጣውን አትንኪ። አዲሱ ቅጠል የሚመጣው በእሱ በኩል ነው። እንግዳ እስኪመጣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ በጥር ነፋስ ሁለት ሰዓት ከቆየ ጫፉ ይኮማተራል።

አዲስ ጣባ ገዛሁ። በቀጥታ ላቅርብበት?

አይሆንም፣ መሟሸት አለበት። ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ ውስጡ ዘይት ወይም የተወቀጠ ጎመን ዘር ይቀባ፣ በቀስታ እሳት ላይ እየሞቀ ዘይቱን እስኪጠጣ ይቆይ። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሚው። ካልተሟሸ ቅቤሽን ጣባው ይጠጣዋል፣ የአፈር ጣዕምም ይሰጣል። የጋለውን ጣባ ቀዝቃዛ ውሃ ካስነካሽው ደግሞ ይሰነጠቃል።

ቆጮዬ ሁልጊዜ ይደርቃል፣ አንዳንዴም መሃሉ ሳይበስል እንደ ሙጫ ይሆናል። እናቴ የምትጋግረው ግን ለስላሳ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ቃጫው ነው። ቆጮውን በእንጨት ላይ አድርገሽ በስለታም ቢላ ደጋግመሽ ክተፊው፣ ረጅም ቃጫ ሲመጣ አውጪ። ይህን ሥራ የሚያሳጥር ሰው ከጥርስ የማይለቅ ቆጮ ያበላል።

ሁለተኛው ጭመቃው ነው። በንጹህ ጨርቅ አድርገሽ ውሃውን ጭመቂ፤ ማቆም ያለብሽ ግን በጭብጥሽ ስትጨብጪው ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ስትነኪው ሲፈርስ ነው። ከዚያ በላይ ከተጨመቀ ይደርቃል፣ ካነሰ ሙጫ ይሆናል። ካደረቅሽው ትንሽ ቡላ በውሃ በጥብጠሽ አብረሽ እሺው፤ ይለሰልሳል፣ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል። እናትሽም ቡላ ሳትጨምርበት አትቀርም።

ሦስተኛው ውፍረቱ ነው። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ዳርና መሃሉም እኩል ይሁን። በኮባ ቅጠል ጠቅልለሽ በመካከለኛ ሙቀት ምጣድ ላይ አንዱን ጎን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ገልብጠሽ ያንኑ ያህል ጋግሪ። ቅጠሉ እንፋሎቱን ይይዛል፤ ያለ ቅጠል የተጋገረ ቆጮ ላዩ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። ከወጣ በኋላም ከነቅጠሉ በጨርቅ ሸፍኚው፣ የሚቆረጠው ሊቀርብ ሲል ነው።

የማታው መብራት ቢጠፋስ? የእኛ ሰፈር እምነት የለውም።

ምጣድ የሚፈልገውን ሁሉ ከሰዓት በፊት ጨርሺ። ማታ የሚያስፈልግሽ እሳት ቅቤውን ለማቅለጥና ጣባውን ለማሞቅ ብቻ ስለሆነ ከሰል ይበቃል። ከሰሉ ግን በር ተዘግቶ ቤት ውስጥ አይነድ፤ ጭሱ የማይታየው ከሰልም ይገድላል።

ቅቤ አነጣጠሩ ለክትፎ ይለያል?

ይለያል። ለወጥ የሚነጠረው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሊገባበት ይችላል፤ ለክትፎ ግን አይገባም፣ ጥሬ ስጋውን ይጫነዋል። ለ1 ኪሎ ጥሬ ቅቤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ኮሰረት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ በቂ ነው። ቅቤው በቀስታ ይቅለጥ፣ አረፋው ይገፈፍ። መንጣጣቱ ሲቀንስና ሲጠራ ቅመሙን ጨምሪና እሳቱን ዝቅ አድርገሽ 15 ደቂቃ አቆዪው። አውርደሽ ይረፍ፣ በጨርቅ ይጠለል። መረረ ከተባለ አብሹ አርሯል ማለት ነው።

ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ማንጠሩ ይሻላል። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ከደረሰሽ ከድስቱ ሥር በሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ታውቂዋለሽ፣ ሌላ ለመግዛትም ጊዜ ይኖርሻል።

ሱሉልታ ነን፣ ማታ ብርዱ አይጣል ነው። ክትፎው ገበታ ላይ ሳይደርስ ቅቤው ይረጋል።

የዚህ ማዕድ ዋና ችግር ይህ ነው፣ መፍትሔውም ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ክትፎ እንግዳን አይጠብቅም፤ እንግዳ ነው ክትፎን የሚጠብቀው። ሰው ተሟልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ቆጮው ተቆርጦ፣ አይቡና ጎመኑ ገበታ ላይ ሆኖ ነው ስጋው ከቅቤ ጋር የሚገናኘው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስጋው ሊበላ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይከተፍ፣ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይውጣ፤ ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ ስጋ ቅቤውን ወዲያው ያረጋዋል። ጣባዎቹ በከሰል ዳር ወይም በኦቭን ይሙቁ፣ በእጅ ሲያዙ የሚቻሉ ይሁኑ። ቅቤው ቀልጦ ጣት ሲነካው ሞቅ የሚል እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። በጣም የጋለ ቅቤ ስጋውን አመድማ ያደርገዋል፣ ለብ ለብም ጥሬም ያልሆነ ነገር ይወጣል። መጀመሪያ ሚጥሚጣውን ከቅቤው ጋር አዋህደሽ ከዚያ ስጋውን ጨምሪ። ሚጥሚጣው ደርቆ ስጋው ላይ ከተነሰነሰ አንዱ ጉርሻ ያቃጥላል፣ ሌላው ጣዕም አይኖረውም።

3 ኪሎውን ባንድ ጊዜ አትለውሺው። ግማሹን ለውሰሽ አቅርቢ፣ ሰው መሃል ላይ ሲደርስ ሁለተኛውን። ለአራት ሰው አንድ ትልቅ ጣባ ከሆነ ሦስት ጣባ ሁለት ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ቤት ውስጥ አብሉ፤ ግቢው ቢያምርም ለቡናው ይቆይ።

አንዲት እንግዳዬ ነፍሰ ጡር ናት፣ ልጆችም ይመጣሉ። ለብ ለብ ይበቃል?

አይበቃም። ለብ ለብ ስጋውን ከማሞቅ አልፎ የኮሶ ትል እጭንም ሆነ ባክቴሪያን አይገድልም። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ሕመም ላለበት ሰው ሙሉ በሙሉ የበሰለ ይቅረብ፤ የምግብ ቴርሞሜትር ካለ የተከተፈ ስጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። በሰፊ መጥበሻ ስስ አድርገሽ ቅቤውን መጨረሻ ላይ ብታደርጊ አይደርቅም።

ለሌሎቹም ቢሆን ስጋው ሕጋዊ ቄራ የታረደና የምርመራ ማህተም ያለበት ይሁን። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ10 ቀን የቆየ ስጋ የኮሶው እጭ ይሞትበታል፤ ባክቴሪያውን ግን ማቀዝቀዝ አይገድለውም። ጥሬ የሚበላ ሰው ይህን አውቆ ይብላ፤ አስተናጋጅም «አንድ ጊዜ ቅመሺው» ብላ ማስገደድ የለባትም።

እንግዶቼ ግማሾቹ ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። እንዴት ላድርግ?

ወንድሜ፣ ቀኑን ከረቡዕና ከዓርብ፣ ከአጽዋማቱም አውጣው። ስጋውን ከሁለቱም ሉካንዳ ለየብቻ ግዛ፤ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ጣባውና ማንኪያው ሁሉ የተለየ ይሁን፣ የሚያቀርበውም ሰው ቢለያይ ይመረጣል። ግራ እንዳይጋቡ በአንደኛው ወገን ጣባ ጆሮ ላይ ቃጫ እሰር፤ ከገበታው ጌጥ ጋርም ይሄዳል።

ሁለት ማሰናዳት ከከበደህ ስጋውን ተወው። ጎመን ክትፎ ከአይብና ከቆጮ ጋር ሙሉ ማዕድ ነው፣ ማንንም ከማንም አይለይም። ጎመኑ ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃው በእጅ ተጨምቆ ይውጣ፣ እንደ ስጋው ደቅቆ ይከተፍ፣ በሞቀ ቅቤና በሚጥሚጣ ይለወስ። ሳይጨመቅ ከተለወሰ ቅቤውና ውሃው ተለያይተው ሳህኑ ላይ ይንሳፈፋሉ። አሚቾ (የእንሰት ሥር) ካገኘህም ቀቅለህ አቅርብ፤ በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከታች አገር ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀደም ብለህ ጣደው።

አይቤ ውሃ ለቆ ክትፎውን አበላሸብኝ።

ሊቀርብ ሦስት ሰዓት ሲቀረው በንጹህ ነጠላ ቋጥረሽ ስቀዪው። በጣባው ውስጥ ከክትፎው ጋር አታገናኚው፣ በቆጮ ወይም በቅጠል ለዪው።

መጠጡስ?

ጠላ ወይም ያልጠነከረ ጠጅ፣ ለማይጠጡ ብርዝ። በጣም የቀዘቀዘ ለስላሳ አታቅርቡ፤ ቅቤው ላንቃ ላይ ይረጋል። ቡናው ወፈር ብሎ በጤና አዳም ይቅረብ።

የተረፈውስ ይቀመጣል?

የተለወሰ ጥሬ ክትፎ አይቀመጥም። ያንኑ ማታ በደንብ ጥበሺው፣ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ ለፍርፍር ይሆናል። ቆጮው በቅጠሉ እንደተጠቀለለ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ስታሞቂውም ከነቅጠሉ። አይቡ ፍሪጅ ይግባና ቶሎ ይበላ። ገበታው ላይ የነበረውን ቅጠል ላም ያለው ጎረቤት ካለ ስጪ፣ ከብት ይበላዋል። የቀንድ ማንኪያዎቹን ግን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አታሳድሪ፤ ቀንድ ውሃ ሲጠጣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። በለብታ ውሃ ታጥበው ወዲያው ይድረቁ፣ ትንሽ ዘይት ቀብተሽ አስቀምጪያቸው።