ጅራቱ ላይ ጦር የተሰካበት አውሮፕላን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከዓመታት በፊት የከባድ መኪና ሾፌር ሆኜ ጅቡቲ ስመላለስ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ ባለ አራት ሞተር ግራጫ አውሮፕላን ሲነሣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጎኑ ላይ 60 የሚል ቁጥር፣ ቀጥሎ ጥቁር መስቀል፣ ከዚያ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። ከጅራቱ ጫፍ ደግሞ እንደ ጦር የሾለ ረጅም ነገር ወጥቷል። አንድ የወደብ ሠራተኛ «የጀርመን ባሕር ኃይል ነው» አለኝ። ባሕር ኃይል መርከብ እንጂ አውሮፕላን ምን ያደርግለታል? ያ ጦር የሚመስለውስ ምንድን ነው? ነዳጅ መቅጃ ነው ያሉኝ ሰዎች አሉ።

መልስ፦ ያዩት ልክ ነው፣ ወንድሜ። ጀርመኖች በወታደራዊ አውሮፕላኖቻቸው ላይ አራት አኃዝ ይጽፋሉ። ከመስቀሉ በፊት ያሉት ሁለቱ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ከመስቀሉ በኋላ ያሉት ሁለቱ የራሱን ተራ ቁጥር ይናገራሉ። 60 ማለት ፒ-3ሲ ኦሪዮን የተባለው የባሕር ቅኝት አውሮፕላን ነው። ስምንት ነበሩ፤ ስምንቱም መቀመጫው በሰሜን ባሕር ዳርቻ ኖርድሆልትስ የሆነው የ3ኛው የባሕር ኃይል አቪየሽን ስኳድሮን፣ በቅጽል ስሙ የ«ግራፍ ዜፕሊን» ንብረት ነበሩ።

ስለዚህ ስኳድሮን ስጽፍ ልቤ እንደሚያደላ አስቀድሜ ልናገር። እርስዎ አውሮፕላኑን ከአጥር ማዶ አይተውታል፤ እኔ የማውቀው ከባሕር ላይ ሆኜ ነው። የባሕር ላይ ወንበዴዎች በበረቱበት ዘመን በአንድ የንግድ መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን ነበርኩ። በኤደን ባሕረ ሰላጤ አንድ ንጋት ተረኛ ሆኜ ቆሜ ሳለ ሁለት ፈጣን ጀልባዎች ከቀኝ በኩል ወደ እኛ አቀኑ። ካፒቴኑን ቀሰቀስኩ፤ የውኃ መርጫ ቱቦዎቹ ተከፈቱ፤ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ። በዚያ መካከል በሬዲዮው በቻናል 16 የተረጋጋ ድምፅ የመርከባችንን ስም ጠራ። የቅኝት አውሮፕላን ነበር። ዝቅ ብሎ በጀልባዎቹ ላይ አለፈና ያየውን ነገረን፤ መረብ ጭነዋል፣ መሰላል የለም። መሰላል የሌለው ጀልባ በመርከብ ግድግዳ ላይ መውጣት አይችልም። ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ካፒቴናችን ማይክሮፎኑን ይዞ ሦስት ጊዜ አመሰገነ።

ለመጀመሪያ ጥያቄዎ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። ከባሕር ወለል 20 ሜትር ከፍ ባለ የመርከብ መምሪያ ክፍል የቆመ ሰው አድማሱን የሚያየው እስከ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 3,000 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ግን 190 ኪሎ ሜትር አልፎ ያያል። አውሮፕላን የሌለው ባሕር ኃይል ዓይኑ ቅርብ ብቻ የሚያይ ነው።

ጀርመኖች ይህን የተማሩት ተቀጥተው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚበር ነገር ሁሉ በሄርማን ጎሪንግ የሚመራው የአየር ኃይል እንዲሆን ስለተወሰነ፣ ባሕር ኃይሉ ለመርከቦቹ ቅኝት በፈለገ ቁጥር ሌላ ደጅ መጥናት ነበረበት። ስለዚህ በ1950ዎቹ ምዕራብ ጀርመን ሠራዊቷን እንደገና ስታቋቁም ባሕር ኃይሉ የራሱን አብራሪዎች አሰልጥኖ የራሱን አውሮፕላኖች ያዘ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) 3ኛው ስኳድሮን የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1964 ሲሆን ሥራውም ሰርጓጅ መርከብ ማደን ነበር። የጀመረው ከእንግሊዝ በተገዙ ጋኔት በሚባሉ አውሮፕላኖች ነው። ብዙም ሳይቆይ ብሬጌ አትላንቲክ መጣ፤ ባለ ሁለት ሞተር፣ 12 ያህል ሰዎች የሚሠሩበት፣ እስከ 18 ሰዓት ሳያርፍ አየር ላይ መቆየት የሚችል አውሮፕላን። ጀርመን 20 ገዛች። አምስቱ በኋላ የሶቪየትንና የአጋሮቿን የሬዲዮና የራዳር ምልክት እንዲያዳምጡ ተለውጠው በባልቲክ ባሕር ላይ ሲመላለሱ ኖሩ።

አሁን ወደ ጦሩ። ነዳጅ መቅጃ አይደለም። ውስጡ ያለው መግነጢስ መለኪያ ነው። ምድራችን የራሷ መግነጢሳዊ ኃይል አላት፤ በብዙ ሺህ ቶን የሚቆጠር ብረት በውኃ ውስጥ ሲያልፍ ይህን ኃይል በጥቂቱ ያዛባዋል። መለኪያው ያንን መዛባት ይይዛል። ነገር ግን አውሮፕላኑም ብረትና ኤሌክትሪክ ስለሆነ መለኪያውን ያሳስተዋል፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ከአካሉ አርቀው ጅራቱ ጫፍ ላይ አስቀመጡት። የመለኪያው አቅም ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ስለሆነ አብራሪው ማዕበሉን ሊነካ የደረሰ እስኪመስል ዝቅ ብሎ መብረር ይኖርበታል።

ያ የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው እንጂ ዋናው ሥራ የጆሮ ነው። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሶኖቦይ የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች በጃንጥላ ይወርዳሉ። ባሕሩን ሲነኩ አንደኛው ክፍል ተንሳፍፎ የሬዲዮ አንቴና ያወጣል፤ ሌላው በሽቦ ተንጠልጥሎ ወደ ጥልቁ ይወርድና ያዳምጣል። ላይ ያሉት ባለሙያዎች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ፣ ፊታቸው የድምፁ መስመር የሚሳልበት ስክሪን አድርገው የዓሣ ነባሪን ጥሪ፣ የነጋዴ መርከብን ሞተርና የሰርጓጅ መርከብን መዘውር ይለያሉ። አብራሪው አውሮፕላኑን ይነዳል፤ አደኑን የሚመሩት ግን ከኋላው መስኮት የሌለበት ቦታ ተቀምጠው ለአሥር ሰዓት የሚያዳምጡት ናቸው። በአብዛኛው ቀን ምንም አያገኙም። ለእኔ ከተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ይልቅ የሚያስደንቁኝ እነሱ ናቸው።

ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ስኳድሮኑ ሥራ አላጣም። በ1990ዎቹ አትላንቲኮቹ ከሰርዲኒያ ደሴት እየተነሡ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ለማስከበር አድርያቲክን ቃኙ። ይህ ጉዳይ ራሱ ጀርመን ውስጥ ክርክር አስነሥቶ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1994 በፓርላማ ፈቃድ እንዲህ ያለ ተልእኮ ይፈቀዳል ብሎ ወሰነ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ሞምባሳ መጡ። አሮጌዎቹ አትላንቲኮች ሲደክሙ የሆላንድ ባሕር ኃይል የተወውን ኦሪዮን በ2000ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ እጅ ገዙ፤ እርስዎ ያዩት እሱን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በታኅሣሥ 2008 አታላንታ የተባለውን ዘመቻ ሲጀምር የመጀመሪያ ተግባሩ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል የጫኑ መርከቦች ሶማሊያ በሰላም እንዲደርሱ መጠበቅ ነበር። ኦሪዮኖቹም ከጅቡቲ እየተነሡ ለዚያ ዘመቻ በሩ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። ይኸው ስኳድሮን ዶርኒየር 228 የተባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖችም አሉት፤ ሥራቸው በሰሜን ባሕርና በባልቲክ ዘይት የሚደፉ መርከቦችን መያዝ ነው። ጀርመን ይህን ቅኝት ከ1986 ጀምሮ ስታካሂድ ኖራለች። ዘይት በባሕሩ ገጽ ያሉትን ጥቃቅን ሞገዶች ስለሚያስተኛ፣ ወደ አውሮፕላኑ ጎን በሚመለከተው ራዳር ላይ ጠቁሮ ይታያል፤ ሌሊት እንኳ አያመልጥም። በሙያ ዘመኔ ጨለማን ተገን አድርገው ቆሻሻ ዘይት የሚደፉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ከሰርጓጅ አደን አሳንሼ አላየውም።

ኦሪዮኖቹን ጅቡቲ ዳግም እጠብቃለሁ ካሉ ግን አዝናለሁ። ማደሻቸው እጅግ ውድና አስቸጋሪ ሆኖ በ2020 እድሳቱ ተቋረጠ። በ2021 አምስት፣ በ2023 ደግሞ ሦስት ፒ-8ኤ ፖሲዶን ታዘዙ። ፖሲዶን ከቦይንግ 737 የተሠራ ጄት ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት የመንገደኞች አውሮፕላን ይመስልዎታል። ጅራቱ ላይም ያ ጦር የለም።

ጥያቄ፦ ባለፈው እትም ዜፕሊን የሚባለው የአየር መርከብ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አፍሪካ ደርሶ ነበር ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። እውነት ነው? በአገራችን ሰማይ አልፏል?

መልስ፦ ደርሷል፤ በኢትዮጵያ ሰማይ ግን አላለፈም። ጥያቄዎ ከላይ ካለው ጋር መገናኘቱ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ኖርድሆልትስ ከአውሮፕላኑ በፊት የባሕር ኃይሉ ዜፕሊኖች፣ ማለትም ከአየር በሚቀል ጋዝ ተሞልተው የሚንሳፈፉ ግዙፍ የአየር መርከቦች፣ ጎጆ ነበረች። መርከባችን ብሬመርሃፈን በቆመችበት አንድ ቀን ፈቃድ አግኝቼ በኩክስሃፈን ባቡር ወደዚያ ሄጄ የአየር መርከቦችና የባሕር ኃይል አቪየሽን ሙዚየሙን አይቻለሁ። ሁለት ዜፕሊን ጎን ለጎን የሚይዝ፣ እንዳለ ወደ ነፋሱ የሚዞር ግዙፍ መጋዘን ነበራቸው፤ ነፋስ ከጎን ሲመታው ዜፕሊኑ ከበሩ ጋር ተላትሞ ይሰበር ስለነበር ነው። በዚያ ጦርነት ከጀርመን የአየር መርከቦች የተጣሉ ቦምቦች እንግሊዝ ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ገድለዋል፤ አብዛኞቹ ሲቪሎች ናቸው። ይህን ሳይናገሩ የመጋዘኑን ድንቅነት ብቻ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም።

አፍሪካ የመጣው ኤል 59 ነው። ከቡልጋሪያዋ ያምቦል ኅዳር 21 ቀን 1917 ተነሣ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ለተከበበው የጀርመን ጦር 15 ቶን ያህል መድኃኒትና ጥይት ጭኗል። ተመልሶ እንዲመጣ አልታሰበም። ሽፋኑ ለድንኳን፣ የውስጥ ጨርቁ ለመኝታ ከረጢት፣ የብረት አጥንቱ ለሬዲዮ ምሰሶ እንዲሆን ተደርጎ ነበር የተሠራው። የሜዲትራንያንን ባሕርና የግብፅን በረሃ አቋርጦ ከካርቱም በስተ ምዕራብ ሲደርስ «ተመለሱ» የሚል የሬዲዮ ትእዛዝ ደረሰው፤ ሊያርፍበት የታሰበው ምድር በእንግሊዞች እጅ ገብቶ ነበር። ቀን በሙቀት፣ ሌሊት በብርድ እየተሰቃዩ ተመለሱ። በ95 ሰዓት 6,757 ኪሎ ሜትር በርረው ጭነቱን እንዳለ ይዘው ያምቦል አረፉ። በሚያዝያ 1918 ያው መርከብ በጣሊያንና በአልባኒያ መካከል ባለው የኦትራንቶ የባሕር ወሽመጥ ላይ በእሳት ተያይዞ ከነሠራተኞቹ ጠፋ።