እናቴን የማስታምመው እኔ ነኝ፤ ለማን ልንገር?

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፤ 9ኛ ክፍል ነኝ። የምንኖረው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው። እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። አባታችን የለም። የማበላትም፣ የማገላብጣትም፣ ገላዋን የማጥባትም እኔ ነኝ። ወንድሜ 12 ዓመቱ ነው። ሌሊት ስለምነሳ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ብዙ ቀንም ቀርቻለሁ። ቀበሌ ብሄድ «ልጅ ነሽ» ብለው እንዳይመልሱኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ የያዝሽው ሥራ ሁለት ሦስት አዋቂ ቢፈራረቅበት እንኳ የሚከብድ ነው። «አልቻልኩም» ማለት እናትሽን መተው አይደለም።

ከቀበሌ በፊት የሠፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኚ፤ የትኛዋ እንደሆነች ጤና ጣቢያው ይነግርሻል። ቤት ለቤት መዞር ሥራዋ ስለሆነ እናትሽን ማንቀሳቀስ አይጠበቅብሽም። ግፊታቸውን ትለካለች፣ ቆዳቸውን ታያለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለሽበትን በዓይኗ ያየች ምስክር ትሆንሻለች። ያሳዝናል እንጂ፣ ቢሮ ላይ የልጅ ቃል ብቻውን ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ቀበሌ ስትሄጂ ማመልከቻው በእናትሽ ስም ይሁን፤ መጻፍ ካልቻሉ በጣት አሻራ ይፈርማሉ። አክስት ወይም የምታምኛት ጎረቤት አብራሽ ትሂድ። መታወቂያቸውን፣ የሆስፒታል ማስረጃቸውንና ጉርድ ፎቶ ያዢ፤ ኮፒውን ስጪ እንጂ ዋናውን ለማንም አትተዪ። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንዱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው፤ መዋጮ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። ምዝገባው ወቅት ስላለው መቼ እንደሚከፈት አጣሪ። ካርዱ ከወጣ በኋላ ሁልጊዜ ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ነው፤ ይህ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የታሰበ የገንዘብ ድጋፍ ነው፤ ሐዋሳም ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። ተጠቃሚ የሚመለመለው በየጊዜው በመሆኑ «እናያለን» ሲሉሽ እሺ ብለሽ አትውጪ፤ ማመልከቻው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቁጥሩ ይሰጥሽ።

ለስም ጠሪ መምህርሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ንገሪ። ዝም ብለሽ ከቀረሽ ትምህርት እንዳቋረጠች ተማሪ ትቆጠሪያለሽ፤ ምክንያትሽ ከታወቀ ግን ያመለጠሽን ፈተና ወይም የፈረቃ ለውጥ መጠየቅ ትችያለሽ።

ለጎረቤትና ለእድር «እርዱኝ» ብቻ አትበዪ፤ ሰው ምን እንደሚሠራ ካላወቀ አዝኖ ይሄዳል። «ማክሰኞና ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከእናቴ ጋር ተቀመጡልኝ»፣ «ቅዳሜ ገላዋን እጠቡልኝ» በዪ። ገላ ማጠቡን አዋቂ ሴት ብትይዘው ለእናትሽም ይቀላቸዋል። ወንድምሽም 12 ዓመቱ ነው፤ ውሃ መቅዳት፣ ዕቃ ማጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማስታወስ የእሱ ይሁን። ወንድ ነው ተብሎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ስለ ሌሊቱ፦ ቀን በየ2 ሰዓቱ አገላብጫቸው። ሌሊት ግን ፍራሹ ወፍራም ከሆነና ቆዳቸው ካልቀላ በየ4 ሰዓቱ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ባለሙያዋን ጠይቂ፤ የአንቺ እንቅልፍ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ተረከዝ፣ ዳሌና ጭራ አጥንት አካባቢ ተመልከቺ። የቀላው ቦታ በጣት ተጭነሽው ስትለቂው ሳይነጣ ቀይ እንደሆነ ከቀረ ቁስል እየጀመረ ነው፤ አትሺው፣ በዚያ ጎን አታስተኛቸው፣ ለባለሙያዋ ደውዪ። ስታነሻቸው በቀኝ እጃቸው አትጎትቺ፤ የሰለለ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል። ልብስ ስታለብሺ ከቀኝ እጅ ጀምሪ፣ ስታወልቂ ከግራው። ምግብ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ። ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዪ ንገሪያት፤ ወፈር ያለ አጥሚት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የግፊት መድኃኒቱን ደህና ሆኑ ብለሽ አታቋርጪ። ፊታቸው በድንገት ከተጣመመ፣ ንግግራቸው ከተዘጋ ወይም ደህናው እጅ ከዛለ ጠበል ወይም ጠዋት አትጠብቂ፤ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ ከዘገየም በባጃጅ ቀጥታ ሆስፒታል ውሰጃቸው። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጻፊ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።