እህቴ፣ ከሲቪሽ በፊት የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን እዪው

ጥያቄሽን አነበብኩት። ሳይኮሎጂ ተመርቀሽ ጅማ ውስጥ አንድ የግል ኬጂ እያስተማርሽ ነው። ሕፃናት ላይ ወይም አእምሮ ጤና ላይ ወደሚሠራ ድርጅት ለመግባት ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። ስለ ሲቪ ሌሎቹ ነግረውሻል፤ እሱን አልደግምም። እኔም ያለሽበትን አልፌበታለሁና ዋጋ ያስከፈለኝን ልንገርሽ።

1ኛ፣ የሥራ ልምድሽ በወረቀት መኖሩን ዛሬውኑ አጣሪ።

ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ኬጂ አስተምሬያለሁ። 41 ልጆች፣ አንድ ክፍል፣ አንዲት ረዳት። ያለቀሰውን ሳባብል፣ ያመለጠውን ሳጥብ፣ አፍንጫ ስጠርግ ነው የምውለው። ደሞዜ በየወሩ በፖስታ ሆኖ በእጄ ይሰጠኛል። ውል አልፈረምኩም። ግብር አይቆረጥም፣ ጡረታ አይቆረጥም። ባለቤቷ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይሉን ነበር። እኔም ደሞዙ ሳይነካ ሙሉውን ስለሚደርሰኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ድርጅት ለሕፃናት ፕሮጀክት ሠራተኛ ፈለገ። ማስታወቂያው ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። እኔ ከዚያ በላይ ነው ያለኝ ብዬ ልቤ ሞልቶ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ደብዳቤዬን አየችና «የሥራ ግብር የተከፈለበት ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ወረቀቱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ይሄ አይያዝም። ቀጣይ!» ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከኋላዬ የተሰለፉት በሙሉ ሰምተዋል። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን እንዳለበት ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። በደንቡ አልወቅሳትም። ግን የሰው ፊት ማየት ምን ያስከፍላል? እስከ ዛሬ ያቺ እስክሪብቶ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩና ግብሩን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቅኩ። «ዛሬ የሉም»፣ «ማኅተሙ ቤት ነው»፣ በመጨረሻም «ካልተመቸሽ መልቀቅ ትችያለሽ»። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ያልተከፈለ ግብር ማስረጃ ከየት ይመጣል? የሁለት ዓመት ተኩል ልፋቴ እንደ ዜሮ ተቆጠረ።

ያኔ ያላወቅኩትን አንቺ እወቂው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ፣ አሠሪው ከተዋዋላችሁ በ15 ቀን ውስጥ የቅጥርሽን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል። የሥራሽን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደሞዝሽን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም በጠየቅሽ ጊዜ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ለመውሰድ መልቀቅ የለብሽም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ያ 7 በመቶ ሲቆረጥ እንዳይከፋሽ፤ መሥራትሽን የሚመሰክርልሽ እሱ ነው። ደብዳቤው ላይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚለው ቀን፣ ወርና ዓመቱ ሙሉ ይሁን። ፊርማና ማኅተም ይኑረው። እምቢ ካሉሽ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የከተማው ጽሕፈት ቤት ሂጂ። እኔ ፈርቼ አልሄድኩም። ይቆጨኛል።

2ኛ፣ አፋን ኦሮሞሽን አጠንክሪ።

እኔ መርካቶ አካባቢ ስላደግኩ አማርኛው ይበቃኛል ብዬ ነበር። ተሸውጄያለሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት «ኦ» ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) የሚገኙት ልጆች በብዛት የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የፕሮጀክት ሥራ ደግሞ ከከተማ ያስወጣሻል። ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማና የምትመጣ እናት ስለ ልጇ ጭንቀት የምታወራሽ በራሷ ቋንቋ ነው። «አካም ጅርቱ» ብለሽ ሰላምታ ሰጥተሽ ከዚያ ወዲያ ካቃተሽ ወሬው እዚያው ያልቃል።

3ኛ፣ አእምሮ ጤና ሲባል ሆስፒታሉን ብቻ አታስቢ።

እኔ በመጀመሪያ ያንኳኳሁት እዚያ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ክፍል በብዛት የሚፈልገው በሳይካትሪ የሠለጠነ ሐኪምና ነርስ ነው። የኛ ዲግሪ ሌላ ነው። የኛ ቦታ የሕፃናት ጥበቃ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ የልጆች እድገት ክትትል የሚባሉት ሥራዎች ናቸው። እዚህ ላይ ጅማ ለኛ ሀብታም ከተማ ናት። ዴንቨር የሚባለው የልጆች እድገት መለኪያ እዚሁ ለጅማ ልጆች ተስተካክሏል። 125 ጥያቄዎች አሉት፤ እንቅስቃሴን፣ የእጅ ሥራን፣ ቋንቋንና ከሰው ጋር መግባባትን ያያል። በምግብ እጥረት ተጎድተው ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን በጨዋታ መርዳት ላይም የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ሠርተዋል። እነዚህን ጽሑፎች ፈልገሽ አንብቢ። ኬጂና አእምሮ ጤና ሁለት መንገድ እንዳልሆኑ የገባኝ እነሱን ሳነብ ነው።

ከዚያ አራት ወር በበጎ ፈቃድ ሠራሁ። (የመጀመሪያው ቀን ላይ ደብዳቤ ጠየቅኩ! ተምሬያለኋ።) ከዚያ ነው የአሁኑ ድርጅቴ ለቃለ መጠይቅ የጠራኝ። ሦስት ፈታኞች ነበሩ። አንዷ «ሦስት ሳምንት አንድ ቃል ያልተናገረ የ4 ዓመት ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ቢኖር ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ።

እኔ ያን ልጅ አውቀዋለሁ። ኬጂ ሳለሁ መጥቶልኛል። እናቱ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ አያቱ ናቸው የሚያመጡት። ጥግ ይዞ የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል። ረዳቴ «ስምህን ተናገር» እያለች ታስጨንቀው ነበር፤ ተይው አልኳት። በየቀኑ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እኔም ቆርኪ መደርደር ጀመርኩ። አንድ ቀን ቀዩን አንስቶ እኔ መስመር ላይ አስቀመጠልኝ። ሌላ ቀን የእረፍት ደወሉን አስያዝኩት። በአራተኛው ሳምንት ደወሉን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝና «እኔ ልደውል» አለ። አያቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ይህንኑ እንዳለ ነገርኳቸው። መጻፍ አቁመው ያዳምጡኝ ነበር። በሳምንቱ ተደወለልኝ። መዝጋቢዋ «አይያዝም» ያለችው ልምድ እዚያ ክፍል ውስጥ ተያዘልኝ። ዛሬ ገጠር እየወጣሁ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር በጨዋታ ስለ መግባባት አሠለጥናለሁ። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

አንቺም ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ስሙን ሳትጠቅሺ ጻፊው፦ ምን አየሽ፣ ምን ሞከርሽ፣ ምን ተለወጠ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃሻል። ሰኞ ደግሞ ቢሮ ገብተሽ ደብዳቤሽን ጠይቂ። ሲሰጡሽ ስምሽን ሸፍነሽ ፎቶ ላኪልኝ፤ የጎደለ ካለ እነግርሻለሁ።